ያጨበጨብንልዎ ዓረፍተ ነገር

ለክቡር የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባልና የወረዳችን ተወካይ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎና በየምርጫው ፖስተር ላይ እያደጉ ለምናያቸው ልጆችዎ ጤና እመኛለሁ። ጤናን ያስቀደምኩት ለወግ ብቻ አይደለም። በዚህ ግዛት የአንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ሲታወክ ከሐኪም በፊት ጠበቃ የሚማከርበት ጊዜ ስላለ፣ ምኞቱ እንደ ድሮው ቀላል ምኞት አይደለም።

ከቢሮዎ የተላከልኝ ግብዣ ደርሶኛል። በመጪው ቅዳሜ ሪቻርድሰን በሚገኘው የማኅበረሰባችን አዳራሽ ተገኝተው ዳግመኛ ድምፃችንን እንደሚጠይቁ፣ እንደ ባለፈውም ጊዜ ከጎንዎ ቆሜ በአማርኛ እንዳስተረጉምልዎ እንደሚሹ፣ የያኔው ትርጉሜም ልብ የሚነካ ሆኖ እንዳገኙት ጸሐፊዎ በትሕትና ጽፈውልኛል። አማርኛ ሳይችሉ ትርጉሜ ልብዎን መንካቱ በጣም አስደንቆኛል። መልሴን ለጸሐፊዎ በግል መላክ ስችል በአደባባይ የማወጣው፣ የማነሣው ጥፋት የተፈጸመው በአደባባይ ስለሆነ ነው።

ለማያውቁኝ አንባብያን፣ ወለተጊዮርጊስ እባላለሁ። ካሮልተን እኖራለሁ፤ ለዐሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ከተማ ሆስፒታሎች ውስጥ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። የሙያችን ደንብ አንድ ነው፤ ከተባለው አትጨምርም፣ ከተባለውም አትቀንስም። በዚህ ደንብ ስኮራ ኖሬአለሁ፤ ኩራቱ የት እንዳደረሰኝ ከዚህ በታች ያገኙታል። ከዚህ በታች የምነግርዎትን የሌላ ሰው ምስጢር ያወጣሁትም፣ የምስጢሩ ባለቤት የሆነችው ሴት እያንዳንዱን መስመር አንብባ ስሟ እንዲጻፍ ስለፈቀደች ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ በጥቅምት ወር፣ ስላደረጉልን ጉብኝት አመሰግናለሁ። ውርጃን የሚከለክለው ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ወሩ ነበር። እርስዎ አራት ሳምቡሳ በሉ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጡን አደነቁ፣ ስለ ሕይወት ክቡርነትም ተናገሩ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሴት ከኋላ ወንበር ተነሥታ፣ እናትየዋ እርጉዝ ሆና ብትታመምስ ሐኪሙ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል ብላ ጠየቀችዎ። መልስዎ አራት ደቂቃ ያህል ወሰደ። ሲያበቁ አዳራሹ በአማርኛ የሰማው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የእናት ሕይወት ከሁሉም ይቀድማል፤ አይዟችሁ።» ጭብጨባውን አይረሱትም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ብለው ነበር። ጠያቂዋ ዙበይዳ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። አጠገቧ የነበረው ባሏ አዩብ ሹፌር ነው፤ ዜግነት ያገኘው በዚያው ዓመት ስለነበር በሕይወቱ የሰጠው የመጀመሪያ ድምፅ ለእርስዎ ነው። ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው የምነግርዎት።

፪ኛ፤ ሐኪሞቻችንን በምልክት መናገር ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። በቀጣዩ መጋቢት ዙበይዳ የዐሥራ ስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ሳለች እንሽርት ውሃዋ ያለጊዜው ፈሰሰ። ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ለማስተርጎም የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ፅንሱ በሕይወት ሊወለድ እንደማይችል፣ ነገር ግን ልቡ ገና ስለሚመታ መጠበቅ እንዳለባቸው ተናገረች፤ ተረጎምኩ። ኢንፌክሽን ከያዛት ወዲያው ተመለሱ አለች፤ ተረጎምኩ። አዩብ «ሶ እስክትታመም ዌይት እናድርግ ነው የምትለው?» ሲል ያንንም ተረጎምኩ። ሐኪሟ ወለሉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሌላ ስቴት ውስጥ ዘመድ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ለእኔ ገብቶኛል። ሐኪሟ የሥራ ፈቃዷንም ነፃነቷንም ሳታጣ ልትናገር የምትችለው ያንን ብቻ ነበር፤ ዛሬውኑ ውርጃ ወደሚፈቀድበት ጎረቤት ግዛት ወደ ኒው ሜክሲኮ ይዘሃት ሂድ ማለቷ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ተረጎምኩት። አዩብ ሰው ስለ ዘመዱ ሲጠየቅ እንደሚመልሰው፣ «አዎ፣ የአጎቴ ልጅ ሲያትል አለ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው» አለ። ደህና ነው ይላል ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሟ እሱን ትታ እኔን አየችኝ፤ እኔ ደግሞ ማስታወሻዬን አየሁ።

ደንቡ ነው ብዬ እንዳልሸሸግ፣ ደንባችን ነገሩ ግልጽ ካልሆነ አቁሞ ማስረዳትን ይፈቅዳል። ያቆመኝ ፍርሃት ነው። ለማስወረድ የረዳ ሁሉ ይከሰሳል፣ በመኪና ያደረሰም መንገድ ያሳየም እንደረዳ ይቆጠራል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራሁም። እርስዎ በዚያ ክፍል ውስጥ ዘበኛ ማቆም አላስፈለገዎትም፤ እኔው ቆሜልዎት ነበር።

፫ኛ፤ ስለ ሙቀት መለኪያው አመሰግናለሁ። ሜስኪት ከተማ ወዳለው አፓርታማቸው አንድ ሙቀት መለኪያ ይዘው ተመለሱ። ሁለት ቀን ሙሉ አዩብ ሥራውን ትቶ በየሰዓቱ ለካት። የዙበይዳ እህት ኮምቦልቻ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት፤ በስልክ ደጋግማ ምንድን ነው የሚጠብቁት ብላ ጠየቀች። እዚያ ለእናት ጤና ሲባል ሕጉ ይፈቅዳል። እኛ ደግሞ ለተሻለ ሕክምና ብለን ውቅያኖስ የተሻገርን ሰዎች ነን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዩብ ደወለልኝ። «ቴምፕሬቸሯን ቼክ አደረግኩ፣ መቶ ሦስት ይላል፤ ኢመርጀንሲ እየወሰድኳት ነው፣ ይምጡልን» አለኝ። በአገር ቤቱ መለኪያ ከሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ በላይ ነው፤ ሕጉ ሲጠብቀው የነበረው ቁጥር መጣ ማለት ነው።

ስደርስ ዙበይዳ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። እጄን ያዘችና፣ «እትዬ፣ ሰውየው እኮ የእናት ሕይወት ይቀድማል ብሏል፤ እርስዎም ነበሩ፤ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ደንቤ ነውና ለሐኪሞቹ ተረጎምኩ፤ ታካሚዋ ተወካያችን የእናት ሕይወት ይቀድማል ማለታቸውን ታስታውሳለች አልኳቸው። ያን ዕለት ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ ነፍሷ ተረፈ፣ ማህፀኗ ግን አልተረፈም። ከዚያ በፊት የወለዷት ሴት ልጃቸው ኢልሀም ያለ እህት ያለ ወንድም ትቀራለች።

ባለፈው ዓመት ሕጉን ለሐኪሞች ግልጽ አድርገነዋል የሚል በራሪ ወረቀት ከቢሮዎ ደርሶኛል። እንኳን ደስ ያለዎ። ለዙበይዳ ግልጽ የሆነላት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

፬ኛ፤ ይህ ቁጥር የእርስዎ ይሆናል ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ስደርስበት ግን የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ክቡር ሆይ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እርስዎ አልተናገሩትም። በዚያ አራት ደቂቃ ውስጥ ጉዳዩ ከባድ መሆኑን፣ ምክር ቤቱ ውሳኔውን መስጠቱን፣ ምክንያታዊ የሕክምና ግምት የሚባል ነገር መኖሩን፣ ሁላችንም መጸለይ እንዳለብን ተናገሩ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር፤ ሰው ሁሉ አፌን አፌን ያየኛል፤ ዙበይዳ እንደቆመች ናት። ከተናገሩት ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝም አላስደሰተኝም። እንግዳ በሰው ፊት እንዳያፍር ብዬ፣ መቼም ይህን ሊሉ ፈልገው ይሆናል ብዬ፣ የእናት ሕይወት ይቀድማል የምትለዋን ከራሴ አወጣኋት። አይዟችሁም የእኔ ናት። ጸሐፊዎ ልብ ይነካል ያሉት ይህንን መሆን አለበት።

መጨመር በማይገባኝ ቦታ ጨመርኩ። አንዲት ቃል መጨመር በሚገባኝ ቦታ ደግሞ ደንብ አክባሪ ሆንኩ። ዙበይዳ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች የጠራችው የእርስዎን ቃል ሳይሆን የእኔን ውሸት ነበር፤ እኔም የራሴን ውሸት በእርስዎ ስም ለሐኪሞች ተረጎምኩት። ከዚያ ወር በኋላ ሆስፒታል ገብቼ አላስተረጎምኩም። በጉብኝትዎ ዕለት የሰጡኝ ስምዎ የተጻፈበት ኩባያ አሁንም ወጥ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ልጥለው ስል ምስክር የማጠፋ ይመስለኛል።

ዙበይዳ ልጁን ትፈልገው ስለነበር ለእርሷ መቆርቆር ቀላል ነው። እኔ ግን ባልፈለጉት እርግዝና ለመጡ ሴቶችም አስተርጉሜአለሁ። ምክንያታቸውን ለእኔ የማስረዳት ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ለእርስዎም ሊኖርባቸው አይገባም። እኔ የምጾም የምሰግድ ሴት ነኝ፤ በገዛ ሆዴ የማደርገውንና የማላደርገውን ለእግዚአብሔር እመልሳለሁ። የእኔ እምነት በሌላዋ ሴት ሆድ ላይ ሕግ ይሁን ብዬ አላውቅም። ሴቲቱና ሐኪሟ ሳይፈሩ የሚነጋገሩበት ክፍል ይኑር ነው የምለው፤ የሚያስተረጉምላቸውም ሰው እንደ እኔ የማይፈራበት።

ባለፈው እሑድ ሜስኪት ሄጄ ለሁለቱም ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስት ዓመት ያዘገየሁት ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አዩብ ተነሥቶ ወደ በረንዳው ወጣ፤ እስክሄድ ድረስም አልተመለሰም። ዙበይዳ ግን፣ ሰውየው መጣ ማለት ነው፣ እርስዎ ያስተረጉማሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ አልኳት። «ይሂዱ እትዬ፤ እኔም እመጣለሁ፤ ፊት ወንበር እቀመጣለሁ» አለችኝ። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ስለዚህ ግብዣዎን በታላቅ ደስታ መቀበሌን እገልጻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓቱ ቀደም ብዬ እገኛለሁ፤ ከተናገሩት ሳልጨምር፣ ከተናገሩትም ሳልቀንስ፣ አራት ደቂቃም ከሆነ አራቱንም ደቂቃ በሙሉ አስተረጉምልዎታለሁ።

ዕድሜና ጤና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ ሥልጣንዎም እስከሚገባው ቀን ድረስ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ በትሕትና እጅ የምነሣው፣

የባለፈው ጭብጨባዎ ባለቤት
ወለተጊዮርጊስ
ከካሮልተን

ማስታወሻ፦ እንዲዘጋጁበት ያህል የመጀመሪያውን ጥያቄ አስቀድሜ ልንገርዎ። ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ተነሥታ፣ እናትየዋ እርጉዝ ሆና ብትታመምስ ብላ ትጠይቅዎታለች። ባለፈው ያስጨበጨበችልዎን ዓረፍተ ነገር ከወደዷት እተውልዎታለሁ፤ ግን ዘንድሮ በእንግሊዝኛ፣ በገዛ አፍዎ፣ እርስዎ ራስዎ ሊሏት ይገባል።