የደቡብ ነፋስ በሕማማት

ኤፕሪል 9

ቀኑን ሙሉ ከባህር ማሳችን ያወጣነውን ኦይስተር፣ ባለ ዛጎሉን የባህር ምግብ፣ ስንለይ ዋልን። ትልቁ ለገበያ፣ ትንሹ ተመልሶ ወደ ባህር። ሁዳዴ ስለሆነ ከተማ ያሉት ግሪኮች ወገኖቻችን ሁሉ ይፈልጉታል... ደም የለውም፣ ጾም አያስገድፍም። የዛጎሉ ጠርዝ ጣቴን ቆራርጦታል። "ጓንት አድርጊ" ይለኛል ባሌ ስታማቲስ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ ጓንት እንደማልወድ አልገባውም።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ካሊዮፒ ገመድ ልትዋስ ከሞርና መጣች። የሷ የኦይስተር ማሳ እዚያ ነው፣ ከኛ ከካርሊንግ በስተሰሜን ባለው ሰላጤ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትለፋው። ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ጀመረችው።

"ስታማቲስ! ነዳጅህ ገና አልፈለቀም?"

"አንቺ ደግሞ መኪናሽን በምን እየነዳሽ መጣሽ? በጸሎት?"

"በንዴት!"

ሁለቱም ሳቁ። አምና እንዲህ አልነበሩም። ባህሩ ላይ ነዳጅ ይቆፈር አይቆፈር ተብሎ አዳራሽ ስንሰበሰብ ባሌ ብድግ አለና "ይቆፈር! ልጄ ምዕራብ በረሃ ማዕድን ሲቆፍር ከሚያረጅ ደጃፌ ይሥራ" አለ። እሷ ከኋላ ሆና "ልጅህን አስመጣ፣ ባህሬን ተውልኝ!" ብላ ጮኸች። ስንት ወር ተኮራረፉ። ከዚያ ተፈቀደ፣ ተቆፈረ። ልጃችን ሌፍቴሪስ ለቁፋሮው ዕቃ የምታመላልስ መርከብ ላይ ተቀጠረና ቤቱ ገባ። ካሊዮፒም ለሱ ስትል ምላሷን ሰበሰበች።

እኔ? ያን ቀን እጄን አላወጣሁም። ለዚህም ለዚያም።

ኤፕሪል 14

ሌፍቴሪስ መጣ። የባቄላ ሾርባዬን ሁለቴ አስጨመረ። ፊቱ ሞላ ብሏል፣ ተመስገን። "እማ፣ ውሃው እዚያ ጥቁር ነው፤ ሲያዩት ሆድ ይበላል" አለኝ። አለቆቹ ሰሞኑን ይጨቃጨቃሉ አለ። ስለ ምን? አላወቀም።

"አለቃ ካልተጨቃጨቀ ምኑን አለቃ ሆነ!" አለ አባቱ። በዚሁ ታለፈ።

ኤፕሪል 18

በሬዲዮ ሰማን። ከነዳጅ ጉድጓዱ አፍ "አነስተኛ ፍሳሽ" ታየ ተባለ። በቁጥጥር ሥር ነው... የሚያሰጋ ነገር የለም...

ሌፍቴሪስ ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። "እማ፣ ትንሽ አይደለም።" ምን ማለትህ ነው ስለው "እንዳታወሩ ተብለናል" አለና ዘጋው።

ለስታማቲስ ነገርኩት። የያዘውን ቅርጫት አስቀመጠ። ደግሞ አነሳው።

ኤፕሪል 20

ነፋሱ ከምዕራብ ነው። በቀጥታ ወደኛ።

ኤፕሪል 22

እግር ኳስ ክበቡ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ቆሞ የሚያዳምጠው ከተቀመጠው ይበልጣል። ከነዳጅ ኩባንያው የመጣችው ሴት ልጅ እግር ናት፣ ትሁት፣ ድምፏ የሚያሳዝን። ግድግዳው ላይ ካርታ አበራች። ቀይ ቀስት... ጫፉ ካርሊንግ ላይ።

"ስሌታችን እንደሚያሳየው—"

"ነፋሱ ስሌቱን አንብቦታል?" አለ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ። ሰው ሊስቅ አለና ተወው።

ስታማቲስ ተነሳ። "የኦይስተር ቅርጫቶቻችንን ወደ ሌላ ሰላጤ እንውሰዳቸው። ጀልባው አለን፣ ጉልበቱ አለን። ፍቀዱልን ብቻ።"

ከመንግሥት የመጣው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ኦይስተር ከሰላጤ ወደ ሰላጤ ከተዛወረ በሽታ ይዛመታል፤ ሕጉ ሕግ ነው።

"እና እዚያው ቆመን እንያቸው?"

"አዝናለሁ ጌታዬ።"

ሁሉም ዞሮ ካሊዮፒን አየ። "ብያችሁ ነበር" እስክትል። አላለችም። የኩባንያውን ልጅ እንዲህ ብቻ ጠየቀቻት።

"ነዳጁን የሚያግደው ተንሳፋፊ አጥር ለስንት ሰላጤ ይበቃል?"

"ለአሁኑ... ለአንድ።"

"ለየትኛው?"

ልጅቷ ወደ ቀስቱ ዞረች። ካሊዮፒ "ገባኝ" አለችና ተቀመጠች።

ስንወጣ ስታማቲስ ሊያናግራት ጠጋ አለ። ካሊዮፒ ኮሌታውን አስተካከለችለት። "ብርድ እንዳይመታህ" ብላው ሄደች። ከስድብ ይብሳል።

ኤፕሪል 25

የወታደሮቹ መታሰቢያ ቀን። እንደ ሁልጊዜው ጎህ ሲቀድ ሐውልቱ ጋ ቆምን። መለከቱ ተነፋ፣ ሰው አንገቱን ደፋ... ያኔ ሸተተን። እንደ አውራ ጎዳና፣ እንደ ትኩስ አስፋልት። ማንም ቀና አላለም። መለከቱ እስኪያልቅ እዚያው እንደቆምን ሸተተን።

ኤፕሪል 27

አጥሩን አመጡ። ሰላጤያችን አፍ ላይ ከድንጋዩ እስከ ድንጋዩ ዘረጉት፤ ብርቱካንማ ቀለም አለው፣ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ይሄ ነው ያን ሁሉ የሚያግደው?

የቻልነውን ያህል ኦይስተር ከውሃ አወጣን። ማቀዝቀዣው ሞልቶ አልዘጋ አለ። ማታውኑ ደግሞ ከየትኛውም ሰላጤ አንድም ኦይስተር እንዳይሸጥ ታዘዘ። ያወጣነው ቆሞ ይበላሻል ማለት ነው... የተውነው ደግሞ እዚያው ይጠብቃል። ስታማቲስ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተደግፎ ቀረ። ግባ አልኩት። "ገብቼስ?" አለኝ።



ኤፕሪል 29

ሕማማት ገባ። ባህሩን የሚቃኙት አውሮፕላኖች ነዳጁን ከሰላጤው ጫፍ ድንጋይ ባሻገር አዩት። ካርሊንግ ደጃፍ ላይ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። የመርከበኞቹ አባት፣ የቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል ፊት ሻማ አበራሁ። "አዙረው" አልኩ። ወደ የት? አላልኩም። አዙረው ብቻ።

ሜይ 1

ዞረ!!

ጠዋት ወጥቼ ልብስ ላሰጣ ስል አንሶላው ፊቴን በሌላ በኩል መታኝ። ብርድ... የደቡብ ነፋስ። ስታማቲስ ባዶ እግሩን ሮጦ ወጣ። ወደቡ ላይ ጀልባዎቹ ጡሩምባ ነፉ። ስንት ዘመን ሰላም የማይባባሉ ሰዎች ተቃቀፉ። እሱ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ፤ እናቱ ስትሞት ያላለቀሰ ሰው።

ከዚያ ቀና አለ። ፊቱ ተለወጠ።

"ፎቲኒ... የደቡብ ነፋስ ወዴት ነው የሚሄደው?"

ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ካሊዮፒ እየሮጠች ነው የምታወራው። "አጥሩን ላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ አጥሩን ብቻ።"

የመንግሥቱ ሰው ጋ ሄድን። ማዘዝ እሱ አይችልም፤ የሚያዘው ከተማ ነው። ከተማ ተደወለ። አለቃው ስብሰባ ላይ ነው። ስታማቲስ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገባና አጥሩን በገዛ እጁ ይፈታ ጀመር። ሁለት ጎረቤቶች ሊያግዙት ተከትለው ገቡ። ሌሎቹ ከዳር ቆመው "ተው! ነፋሱ ቢመለስስ?" እያሉ ጮኹበት። ጠዋት ያቀፉት ናቸው። ፖሊሱ የቤታችን እንግዳ ነው፣ ኦይስተራችንን በልቷል፤ "እባክህ ስታማቲስ፣ እንዳላስርህ" እያለ እጁን ይዞ አወጣው።

ፈቃዱ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አጥሩን ጭነን ሞርና ስንደርስ የሚታጠር ነገር አልነበረም።

ሜይ 3

ስቅለት። እንደ ልማዳችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጌታን መቃብር አምሳል አበባ ማልበስ ሲገባን ሞርና ሄድን።

ማሳዋን አየሁት። ቅርጫቶቹ በየገመዱ ተሰቅለዋል፣ እንደ ድሮው፤ ጥቁር ናቸው ብቻ። ባህሩ ሲሸሽ ድምፅ የለውም። ወፍራም ነው፣ ይጎተታል። አንዲት ትልቅ የባህር ወፍ፣ ፔሊካን፣ አሸዋው ላይ ቆማ ክንፏን ለመዘርጋት ትሞክራለች፣ ይጣበቃል... ትሞክራለች። ልይዛት ስል ሸሸችኝ። ከኔ ለማምለጥ ወደ ነዳጁ ተመልሳ ገባች።

ካሊዮፒ በአካፋ ጥቁሩን አሸዋ ወደ ከረጢት ትሞላለች። ስታማቲስ ከመኪናው ሲወርድ ቀና ሳትል፦

"አንተ እዚያው ቆይ።"

"ካሊዮፒ፣ ልርዳሽ—"

"አምና ረድተኸኛል። ይበቃል።"

ቆየ። መሪውን ይዞ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ቀኑን ሙሉ።

እኔ ከረጢቱን ያዝኩላት።  ከዚያ አካፋዋን ተደገፈች።

"ታውቂያለሽ፣ ጸልዬ ነበር። እናንተ ጋ እንዲቀር።"

የከረጢቱን አፍ ከፈትኩላት።

"አንቺስ?"

ከረጢቱን ማሰር ጀመርኩ።

"አዎ" አለች። "የሁለታችንንም ጸሎት የሰማ ሰውዬ ግራ ሳይገባው አልቀረም።" ሳቀች... ወይ ሳል ነበር። ፊቷን በክንዷ ስትጠርግ ግንባሯ ጥቁር ሆነ። ልጠርግላት እጄን ስዘረጋ የኔም እጅ ያው ነው።

ሜይ 5

ፋሲካ። "ክርስቶስ ተነሣ" ተባለ፣ "በእውነት ተነሣ" አልን። እንደየዓመቱ ቀይ እንቁላል አጋጭተን አልሰበርንም። ካሊዮፒ አልመጣችም።

ሜይ 13

ሌፍቴሪስ የሚሠራባት መርከብ ወደብ ታስራለች። ኩባንያው ሌፍቴሪስን ለባህር ዳርቻ ጽዳት ቀጠረው። የተመደበው ሞርና... የአክስቱ ደጃፍ። ነጭ ቱታ አልብሰውታል። ምሳ ሰዓት ላይ ካሊዮፒ ውሃ ይዛ ወጣች። ሌሎቹን ሁሉ አጠጣች፣ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"አክስቴ፣ ይቅር—"

"ጠጣ። አንተ ምን አደረግክ? ሥራ ፈለግክ።"

ይህን የነገረኝ ማታ ቱታውን እያወለቀ ነው።

ሜይ 30

የኛ ሰላጤ ተመረመረ፣ ንጹሕ ነው ተባለ፣ ተከፈተ። ስልኩ አላርፍ አለ። የከተማ ምግብ ቤቶች። "ንጹሖቹ እናንተ ናችሁ?" ይላሉ። አንዱማ "እድለኞች ናችሁ" አለኝ። ስታማቲስ ሰማ። ተነሥቶ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው።

ነገ መልሼ እሰካዋለሁ። ሌላ ምን እናደርጋለን?

ጁን 11

ስታማቲስ ሞርና ሄዶ ካሊዮፒን ጠየቃት። የካርሊንጉን ማሳችንን አብረን እንሥራ፣ እኩል በእኩል። በሩን ከፍታ አዳመጠችው አለኝ፤ ግባ ግን አላለችውም።

"አንተ ሰው" አለችው፣ "የምትሰጠኝን ሁሉ ብወስድ፣ አንተ ቀልሎህ ታድራለህ። እኔስ?"

ባሏ የገነባውን የኦይስተር መለያ መጋዘን ለኩባንያው አከራየችው። የጽዳት ሠራተኞቹ ልብስ መቀየሪያ ሆኗል። አካፋና ቱታ የምታድለው ራሷ ናት።

ጁላይ 8

እንደገና ስብሰባ። ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ አሁን ደግሞ ከጎኑ ሌላ ሊቆፍሩ ይጠይቃሉ። አዳራሹ ግማሹ ባዶ። አምና ለመቃወም በር የሰበረው ሰው ዛሬ ቤቱ ነው። ደክሞታል። ግማሹ ደግሞ ጽዳቱ ላይ ተቀጥሯል።

ስታማቲስ ተነሳ። ወረቀት አልያዘም። "አምና እዚህ ቆሜ ይቆፈር ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። "አላወቅኩም ነበር አልልም። የሚያውቁ ነግረውኝ ነበር። ዛሬ አይቆፈር እላለሁ። እባካችሁ።" ከዚያ ስለ ሞርና ሊናገር ጀመረ... ስለ ድምፁ፣ ውሃው ሲሸሽ ድምፅ እንደሌለው። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። "እናመሰግናለን ጌታዬ፣ ጊዜዎ አልቋል። ቀጣይ?"

ቀጣይ የለም።

ከአፉ ያልወጣውን ቃል ይዞ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

ኦገስት 2

ተፈቀደ። በሬዲዮ ሰማን፣ ከእግር ኳሱ ውጤት በፊት።

ኦገስት 17

መርከቧ ዛሬ ሄደች። ሌፍቴሪስን መልሰው ጠርተውት ነበር፣ እሺ ብሏል። የጽዳቱ ሥራ አልቋል፣ ሌላ ሥራ የለም። ካልሄደ ያው ምዕራብ፣ ያው በረሃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከአባቱ ጋር አልተነጋገሩም። ትናንት ካሊዮፒ ጋ ደወልኩ፣ ምከሪው፣ አንቺን ይሰማል አልኳት።

"ምን ብዬ ልምከረው? አትሂድ ልበለው? ቀርቶ ምን ይበላል፣ የኔን ድንጋይ ይላስ?"

እሷ እንዲህ ካለች...

ጠዋት ወደቡ ላይ ሁለታችን ቆምን፣ ልጄና እኔ። ካሊዮፒ መጣች፤ በወረቀት የጠቀለለችውን ዳቦ ኪሱ ውስጥ ከተተችለትና ግንባሩን ስማው ሳትቆይ ሄደች። ስታማቲስ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ። ዳገቱን ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ ነገር ይላል ብለን ጠበቅን። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ልክ ሕፃን ሆኖ ሲያጠፋ እንደሚደፋው።

ስታማቲስ ተጠጋው። ጎንበስ ብሎ የልጁን ቦርሳ አነሳና በገዛ ትከሻው ላይ አደረገ። ከፊት ከፊት እየሄደ መሰላሉን ወጣ፣ መርከቧ ላይ አስቀመጠለት።