ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ

ጥር 4 ቀን 1981

ፋብሪካ ዋልሁ። ክር ስመረምር ውዬ ዓይኔ ቆሰለ። ስመለስ ሐይቁ ዳር ትንሽ ቆምሁ። ውኃው ሸሽቶ የደንገሉ ሥር ይታያል።

ኦፔል መኪናችንን መሸጥ ሳይሻል አይቀርም። ባሌ አምባቸው ከሞተ ወዲህ ከቆርቆሮው ጋራዥ ወጥቶ አያውቅም። መጨረሻ የነዳሁት ዕለት ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም ነበር። ማርሽ ሳስገባ ይንጫጫል። የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። ማን ይገዛዋል? ደግሞ የባሌ እጅ ያረፈበት መሪ... ይቆይ።

ጥር 8

ከሥራ ስገባ የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ሌባ መስሎኝ ድንጋይ አነሳሁ።

“እታለም፣ አትጩሂ። እኔ ነኝ።”

አስማማው! የአምባቸው ታናሽ ወንድም። ከሰሜን ጦር ጠፍቶ መጥቷል። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ያስለዋል። በጓሮ አጥር ዘሎ ነው የገባው። ማን አየው? “ማንም” ይላል። እንዴት ያውቃል?

የቀበሌ ሊቀመንበራችን ጓድ አለበል በየስብሰባው የሚለውን እኔ አውቃለሁ። የጠፋ ወታደር ያስጠለለ እንደ ጠፋው ይቆጠራል።

“ቆላ ድባ እናቴ ዘንድ ብደርስ ይበቃኛል” አለኝ። “ከዚያ ወዲያ ገጠሩ ይሰውረኛል።”

“የዓባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ አለ። አንተን የሚያህል ጎረምሳ በእግሩ አያልፍም።”

“መኪናውስ?”

“አይሄድም።” የሚያደርገውን ሁሉ ነገርሁት።

“ፍሪሲዮኑ አልቋል” አለ። ጦሩ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከመጣ ወዲህ ፊቱ ትንሽ የፈካው ያን ጊዜ ነው።

ጥር 9

ይህን ለምን እጽፋለሁ? ቢገኝ ሁለታችንንም ያስበላናል። ግን ለማን ላውራ?

ጥር 11

ጥምቀት። ሰፈሩ ሁሉ ታቦት አጅቦ ወጣ። ሰፈራችን ሹም አቦ እንዲህ ጭር ብሎ አላውቅም። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። መዝሙሩ ከሩቅ ይሰማል፣ እኛ መኪና ሥር ተጋድመናል።

ኦፔሉን በክሪክ አነሳነው፤ ድንጋይ ደገፍንበት። ማርሹ ያለበትን ካምቢዮ ስናወርድ ክብደቱ ደረቴ ላይ ሊያርፍ ሲል ለትንሽ ተረፍሁ። አስማማው በጉልበቱ ያዘልኝ። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ሸራ አወጣና አሳየኝ። ሸራ የሚባል አልቀረውም፤ ብረት ብቻ።

“ይኸው። ሞተሩ ቢዞር ምኑን ይዞ ጎማውን ያዙር?”

ቀጥሎ ጣቴን ይዞ ሞተሩ ጫፍ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። ትንሽ ኩሽኔታ አለች። ሳዞራት እንደ አሸዋ ትንኮሻኮሻለች። የካምቢዮው ዘንግ ጫፉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። እሷ ከተበላሸች አዲስ ሸራ ቢገባም ፔዳሉን ስረግጥ በደንብ አይለቅም። ማርሹ እንቢ ይላል፤ መኪናው ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል።

“ድልድዩ ላይ ቢጠፋብሽስ?” አለኝ።

ታየኝ። ወታደሮቹ ሊገፉ ይመጣሉ። ከኋላ ነው የሚገፉት። እሱ የሚተኛው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ...

ጥር 15

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሥራ ገብቼ አሮጌ ቀሚሴን ለበስሁ። ኩሽኔታዋን የምናወጣበት መሣሪያ የለንም። አስማማው “ዳቦ አለሽ?” አለኝ።

“ራበህ?”

“ለኩሽኔታው ነው።”

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ግራሶ ቢኖር በእሱ ይሠራ ነበር፤ ከየት ይምጣ? ዳቦውን በውኃ አርሶ በኩሽኔታዋ ቀዳዳ ይጠቀጥቃል። በልኩ የሆነ የብረት ዘንግ ከትቶ በመዶሻ ይመታል። እንደገና ዳቦ፣ እንደገና መዶሻ። ዳቦው መሄጃ ሲያጣ ከኋላዋ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋታል። ሁለቴ አሳየኝ። ሦስተኛውን ሊመታ ሲል የውጭው በር ተንኳኳ።

“ጓድ እሌኒ!”

አለበል።

አስማማው እንደ እባብ ተስቦ ጥግ ካሉት የብጣሽ ጨርቅ ጆንያዎች ኋላ ገባ። በሩን ሳልከፍትለት ሊቀመንበሩ ራሱ ከፍቶ ጋራዡ ድረስ መጣ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት... የአስማማው የወታደር ጫማ፣ አንዱ እግር፣ ክሪኩ አጠገብ። ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥሁበት።

“መዶሻ ይሰማል። ማነው የሚሠራው?”

“እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር።”

“አንቺ?”

“አምባቸው ሲሠራ እመለከት ነበር።”

የፈታነውን ሁሉ አየ። ከዚያ ዳቦውን አየ። “ይሄስ?”

ነገርሁት። አልሳቀም። “እስቲ አሳዪኝ” አለ።

ጫማውን ከቀሚሴ ጫፍ ጋር ጠቅልዬ እየጎተትሁ መኪናው ሥር ገባሁ። በጎኔ ተኛሁ። ዳቦ ከተትሁ፣ ዘንጉን አስገባሁ፣ መታሁ። ምንም። ጨመርሁ፣ መታሁ። ምንም። ላቤ ዓይኔ ገባ። ካልወጣች ውሸታም ነኝ፤ ውሸታም ከሆንሁ ጋራዡ ይፈተሻል። አምላኬ... አንዴ መታሁ። ድምፁ ተለወጠ። ኩሽኔታዋ በዳቦ ተለውሳ መዳፌ ላይ ወደቀች።

ይዤለት ወጣሁ። አገላብጦ አያት።

“መቼ ያልቃል?”

“ቅዳሜ...” ከአፌ አመለጠኝ።

“መልካም። ቅዳሜ ወረታ ስብሰባ አለብኝ። የቀበሌው መኪና ለግንባር ተወስዷል። አንቺ ታደርሺኛለሽ።”

ጠየቀኝ እንዴ? አዘዘኝ እንጂ።

ጥር 17

ሙሀመድሰዒድ ሱቅ ሄድሁ። የአምባቸው የድሮ ወዳጅ ነው፣ መለዋወጫ ይሸጣል። ሸራውን አገኘልኝ። ኩሽኔታዋ ግን የለችም። አሮጌዋን ለካና ከጓዳ የወፍጮ ሞተር ኩሽኔታ አመጣ። ልኳ አንድ ሆነ!

ሊጠቀልልልኝ ጎንበስ ብሎ፣ “እህቴ ዘይነት ወረታ ናት። በየሳምንቱ ለእህል ቆላ ድባ በጭነት መኪና ትሄዳለች። የሚላክ ነገር ካለ... ትወስዳለች” አለኝ።

የአምባቸው እናት ቆላ ድባ መሆናቸውን ያውቃል እንጂ እኔ ምንም አልነገርሁትም ነበር። ምን ፊቴ ላይ አየ? “አለ” አልሁት።

ጥር 19

ከአስማማው ጋር ተጣላን። እኔ ሊቀመንበሩን አሞኛል ብዬ ልመልሰው ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ፣ “ከእሱ የተሻለ የይለፍ ወረቀት ከየት ታገኛለሽ?” ይላል።

“እሱ ፊት ተቀምጦ አንተ ኋላ?”

“አዎ።”

“ብታስልስ?”

መዶሻውን አነሳ። ሥራ ላይ ገባን። አዲሷን ኩሽኔታ በእንጨት ደግፎ ቀስ እያለ መትቶ አስገባት። ሸራውን መሃል ለመሃል ለማስቀመጥ የመጥረጊያ እንጨት ጠረበ። ካምቢዮውን ስናነሳ ዘንጉ አልገባ ብሎ አስለቀሰን፤ ኋላ ጨርሶ ተስፋ ስንቆርጥ ሸተት ብሎ ገባ። ቡሎኖቹን አሰርን።

ሞተሩን አስነሳሁ። ፔዳሉን ረገጥሁ። ማርሹ ያለ ጩኸት ገባ። ቀስ ብዬ ስለቅ መኪናው ወደ ፊት ተንፏቀቀ። ደግሜ ረገጥሁ፤ ቆመ፣ ሞተሩም አልጠፋ። አስማማው ፊቱን ግድግዳው ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀ ነው እያለቀሰ? አልጠየቅሁትም።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

ሄድን። ተመለስሁ። ብቻዬን ተመለስሁ።

አስማማው ጠዋት ኋላ ገብቶ ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ጆንያ አለበስሁት። ሊቀመንበሩ ክራቫቱን አስሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ አየሩ አወራ። ምን እንደመለስሁለት አላውቅም።

ድልድዩ ጋ መኪናው ተሰልፏል። ትንሽ መሄድ፣ መቆም። ትንሽ መሄድ፣ መቆም። በቆምሁ ቁጥር ፔዳሉን እስከ ታች እረግጣለሁ። ፍሪሲዮኑ ስረግጥ ይለቃል፣ ፔዳሉን ስለቅ ይይዛል። ተራችን ደረሰ። ወታደሩ ልጅ ነው፤ ጢም እንኳ አላወጣም። መታወቂያ አየ። ዞሮ የኋላውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

“ክፈቺው።”

ቁልፉን ነቀልሁ። የበሩን እጀታ ያዝሁ።

ሊቀመንበሩ በመስኮት ወጣ ብሎ፣ “የኔ ልጅ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ። ስብሰባ ረፍዶብኛል። ከኋላ ያለው የእኔ ጓዝ ነው” አለ።

የእሱ ጓዝ? ባዶ እጁን ነው የመጣው!

ወታደሩ አየው፣ አየኝ። እጁን አወዛወዘ፤ እለፉ። ቁልፉን መልሼ ሰካሁ። ማርሽ አስገባሁ፣ ፔዳሉን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ያዘ። ዓባይ ከሥራችን አለፈ።

የወረታ መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ስገባ ከኋላ ሳል ተሰማ። የታፈነ፣ ግን ሳል። ሊቀመንበሩ ሜዳውን እያየ ነበር። አንገቱን እንኳ አላዞረም።

ሲወርድ በሩን ይዞ ቆመና፣ “መኪናሽ ከኋላ ከብዷል። ጉድጓድ ላይ ቀስ በይ” አለኝ። ሄደ።

ዘይነት ግቢ ስገባ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። እሷ ናት የኋላውን የከፈተችው። አስማማው እግሩ ደንዝዞ በእጁ እየዳኸ ወጣ። አቀፈኝ፤ ጆንያ ጆንያ ይሸታል።

የካቲት 3

ዘይነት እግረ መንገዷን ቤቴ መጣች። “ያ ዕቃ እናቱ እጅ ገብቷል” ብላ ሳቀች። ዘግቼ አለቀስሁ።

መጋቢት 10

ከሥራ ስመለስ ሊቀመንበሩን በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኦፔሉን ይዤ ነው የገባሁት፤ አሁን በየቀኑ እነዳዋለሁ። የድሮው ፍርሃቴ መጣ... ግን ጓድ አላለኝም።

“እህቴ፣ ልግባ?”

አስገባሁት። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም። ለውትድርና የሚሄዱ ወጣቶች ተጠይቀዋል። የመረጣቸው እሱ ነው። ከበላይ ቁጥሩ አልሞላም ተባለና የእህቱን ልጅ ጨመሩበት። ዓርብ ይወስዷቸዋል።

“ያቺን የወረታ መንገድ...” ብሎ አቆመ።

“ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ?” አልሁት።

“ድልድዩ ላይ ያለውን ወታደር አየሽው? ሕፃን ነው። አንዱን እንኳ... አንዱን እንኳ ላትርፍ ብዬ።”

ተናደድሁ። እኔ ራሴ ገረመኝ። በዚህ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

“አሁን የመረጧቸውስ? ለእነሱ እናቶች ማን መኪና ይነዳላቸዋል?”

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ውጭ የኦፔሉ ሞተር እየበረደ ጠቅ ጠቅ ይላል።

“ልጁ ረጅም ነው?” አልሁት።

“ረጅም ነው።”

“እንግዲያው ጉልበቱን አጥፎ ይተኛል። ነገ ጠዋት አምጡት። እርስዎም ክራቫትዎን አስረው ይምጡ።”