ሳይፈረም የቀረው ሳጥን

ውድ ሚዛኔ፣

ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ፊት ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ማንም አልተቆጣኝም! ከዚያ ወዲህ እግሬ መሬት አልነካም። ይህን የምጽፍልሽ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ፣ በተከራየኋት ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሻንጣዬን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። አውቃለሁ፣ «አንቺ ጥድፊያ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» ትያለሽ። ታጥቤያለሁ።

መደወል እችል ነበር። ስደውልልሽ ግን ስለ ልጅሽ፣ ስለ ሱቃችሁ፣ ስለ ባልሽ ማንኮራፋት ስንስቅ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር ሳይነገር ስልኩ ይዘጋል። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው ያደረግሁት። ስለዚህ ደብዳቤ ይሁን። መሀሉ ላይ ብትናደጂ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ይህ አራተኛው ሆስፒታሌ ነው። ተዘዋዋሪ ነርስ መሆን ማለት በየአሥራ ሦስት ሳምንቱ ሙሽራ ሆኖ አዲስ ቤት መግባት ማለት ነው። አማቲቱ ማን እንደሆነች፣ የትኛው ወንበር ባለቤት እንዳለው፣ ማን ሲገባ ዝም እንደሚባል በሦስት ቀን ካላወቅሽ አለቀልሽ። በመጀመሪያው ሆስፒታል ዋናው ሐኪም ብቅ ሲል ሁላችንም ብድግ እንል ነበር፤ አንዲት ነርስማ በሽተኛውንም አብራ ልታስነሳው ምንም አልቀራት። በሁለተኛው ሆስፒታል ደግሞ የተረኞች ርክክብ ሳያልቅ ሰላምታ የለም። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ «እንዴት አደራችሁ» እያልኩ ብገባ እንደ ለየላት እብድ አዩኝ። በሦስተኛው ሁሉ ነገር በኮምፒዩተር ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን «ጓንት አቀብይኝ» ተብሎ በመልእክት ይጻፍልኝ ነበር። ሳቄን አፍኜ በመልእክት «እሺ» እላለሁ።

እዚህኛው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የወጪም የገቢም ተረኞች ነጭ ሰሌዳው ዙሪያ ክብ ሠርተው ቆሙ። ዋናዋ ነርስ፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ ዓይንዋ የማይስት ሴት፣ «ትናንት ምን አጠፋን?» ብላ ጠየቀች። እኔ የሆነ ሰው ሊባረር ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። መጀመሪያ የተናገረችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «ትናንት የሦስት ቁጥር ክፍልን ወለል እርጥብ ትቼው ሄድኩ።» ሁሉም ባንድ አፍ «ሰምተናል» አሉ። ቀጥሎ ሐኪሙ፣ «አንዲት ታካሚ ውጤቷን ልነግራት ቀጥሬያት ረስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስትጠብቀኝ ዋለች።» «ሰምተናል።»

ሐኪም፣ ሚዛኔ! በሰው ፊት! አንቺና እኔ በነበርንበት ሆስፒታል እኮ ሐኪም የተሳሳተ ዕለት ጥፋቱ ከፎቅ ፎቅ ሲወርድ ውሎ ማምሻውን የበር ጠባቂው ላይ ነበር የሚያርፈው።

አንድ ሕግ አላቸው፤ ጥፋትሽን ስትናገሪ «ግን» አይባልም። ካልሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። በሁለተኛው ሳምንት ተራው እኔ ጋ ደረሰ። «ትናንት የአራት ቁጥር አልጋን ግሉኮስ ለአምስት ቁጥር ልሰቅል ነበር፣ ግን...»

«እንደገና» አለች ዋናዋ ነርስ።

«ልሰቅል ነበር፤ ስማቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ነው እንጂ...»

«እሱም ያው ነው» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ፣ መወልወያዋን ተደግፋ። «ሰበብሽን አስቀምጪና ነይ፣ የኔ ልጅ።»

አራት ጊዜ ነው ያስጀመሩኝ። በመጨረሻ ጥፋቴን ብቻዋን፣ ያለ ምንም ልብስ፣ አወጣኋት። ሰምተናል አሉ። በማግስቱ ስገባ ሁለቱ ሞክሼዎች በተለያየ ክፍል ተኝተዋል! ገባሽ? ስህተቴ አልጋ አዛወረ! እኔ ደብቄው ብሆን ኖሮ አልጋዎቹ እዚያው ጎን ለጎን ሆነው ቀጣዩዋን ነርስ ይጠብቁ ነበር። ያን ቀን ኮሪደሩን በደስታ ስሮጥ ከአልጋቸው ሲነሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እሳት ተነሣ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። ይህን ሳምንት የሌሊት ተረኛ ነኝ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ለሰባት ቁጥር ታካሚ የቁርሱን ኢንሱሊን ሰጠሁት፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ ቅጹ ላይ ያለችው የፊርማ ሳጥን ውስጥ ሳልፈርም ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እኔን የተካው ነርስ ነው፤ ከቁመቱ የተነሣ ረጅሙ ነው የምንለው።

«የሰባት ቁጥር ሳጥን ባዶ ነው። ሰጥተሽዋል ወይስ አልሰጠሽውም?»

«ሰጥቼዋለሁ! ውይ፣ ሰጥቼዋለሁ!»

«እሺ። በይ ደህና እደሪ፣ ማለቴ ደህና ዋይ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። እዚህ ባዶ ሳጥን ያየ ሰው ይጠይቃል እንጂ አይወጋም። እኔ ግን ቤቴ ከመድረሴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። የመንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ክቡ ውስጥ የትናንቱን ያለ ሰበብ ተናገርኩ፤ «ሰምተናል» ተባልኩ። ሰው ሲበተን ዋናዋ ነርስ ጋ ቀረሁ።

«የቆየ ጥፋት ይነገራል?» አልኳት።

«የስንት ቀን?»

«የስምንት ዓመት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ፣ «እኔ ሰምቻለሁ። መስማት ያለባት ግን...» አለችና «ግን» ማለቷን አስተውላ ራሷን ገታች። «እንደገና ልጀምር። መስማት ያለባት እሷ ናት።»

ይኸው፣ ሚዛኔ።

ጡረተኛውን አስተማሪ ታስታውሻቸዋለሽ፤ በቅጹ ላይ የእጅ ጽሕፈታችንን በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙትን። ያን ዕለት ጠዋት እኔ ከሌሊት ተረኝነት ስወጣ አንቺ ገባሽ። ኢንሱሊናቸውን እኔ ወግቻቸው ነበር። ሰርቪሱ ሊሄድብኝ ነበር፣ ግን... ይቅርታ፣ እንደገና ልጀምር። ወግቻቸው ሳልፈርም ወጣሁ። አንቺ ባዶውን ሳጥን አየሽ። ያኔ በኛ ክፍል ያልተፈረመ አልተሰጠም ማለት ነበር፤ የወጣ ተረኛ ደውሎ መጠየቅ እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ደንቡ እንደሚለው፣ በትክክል ለክተሽ፣ ደግመሽ ወጋሻቸው። ሦስት ሰዓት ላይ ስኳራቸው ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆነው ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪሙ ደርሶላቸው ነቁ፤ በሁለት ሳምንታቸው በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ክፍሉ ሁሉ «ለክታ አበዛችው» አለ።

እኔ በነጋታው ስሰማ ወዲያው ገባኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ስለ ጉዳዩ በተጠራው ስብሰባ ላይ ከጎንሽ ተቀምጬ አፌን ዘጋሁ። አንቺ ተነሥተሽ፣ «ምናልባት መርፌው ላይ ቁጥሩን አሳስቼ ይሆናል» አልሽ። ያላደረግሽውን ለማስታወስ ስትታገዪ አየሁሽ። ከዚያም ስታለቅሺ ጀርባሽን አሻሸሁልሽ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ያ እጄ።

ሚዛን ያልንሽ እኮ አንድ ጠብታ ስለማታዛንፊ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መርፌ ስትይዢ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትለኪ ጀመር፤ ከዚያ ሌላ ሰው ካላየልሽ መውጋት ተውሽ፤ በዓመቱ ሥራውን ተውሽውና ወንድምሽ ሱቅ ገብተሽ ደብተርና እስክሪብቶ መሸጥ ያዝሽ። ያለፈው ወር ስትደውዪልኝ፣ «የልጄን ሽሮፕ የሚለካለት አባቱ ነው፤ እኔ እጄን አላምነውም» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ።

እጅሽ አልተሳሳተም። ያን ቀን የለካሽው ልክ ነበር። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የለካሽው ሁሉ ልክ ነበር።

ይህን ለአንቺ ብቻ ነግሬ ልሸሽ አልፈለግሁም። ዛሬ ጠዋት እንደወጣሁ ለድሮው ሆስፒታላችን የነርሶች ኃላፊ ቃሌን ጽፌ፣ ስሜንና ቀኑን አድርጌ ላክሁ፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል ለሚመድበኝ ኤጀንሲም እንዲሁ። የሥራ ፈቃዴን ሊያግዱብኝ ይችላሉ። እዚህ ሌላ አሥራ ሦስት ሳምንት እንድጨምር ጠይቀውኝ ነበር፤ ያም ሊቀር ይችላል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ደስታዬ ከፍርሃቴ ይበልጣል፤ ስምንት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ዛሬ ተነሣልኝና ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ይገባል። በመንገዴ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሰላም ስል ነው የመጣሁት።

ይቅር በይኝ። ቸኩለሽ አትመልሺልኝ፤ ለመቸኮል እኔ አንድዋ እበቃለሁ። ብትጮኺብኝ እሰማለሁ፤ ዝም ብትዪኝም ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የልጅሽ የሽሮፕ ሰዓት ሲደርስ ባልሽን «ቁጭ በል» በዪው። ማንኪያዋን አንቺ ያዢ። አንድ ጊዜ ብቻ ለኪና ስጪው፤ ደግመሽ አትለኪ።

ያኔ ባዶውን የተውኩትን ሳጥን አሁን እሞላዋለሁ። አልቸኮልኩም፤ እስክሪብቶዬን ሞክሬ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ታካሚ፦ ጡረተኛው አስተማሪ።
መድኃኒት፦ የቁርስ ኢንሱሊን።
ሰዓት፦ ከጠዋቱ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ።
የሰጠችው፦ እኔ፣ ጥድፊያ።
ፊርማ፦ ይኸው።