ገላኔ እንዳትሰማ

ጥቅምት 4
ገላኔ ጢሜን ላጨችኝ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ አወጣችኝ። እግሮቼ ከከዱኝ ወዲህ ያለሷ ንቅንቅ የለም። ልብስ ስታሰጣ ለጠበቃዬ ለውዳሴ ደወልኩ። በሹክሹክታ! በዚህ ዕድሜዬ!
"ቤቱን ለገላኔ ልናዘዝላት ነው።"
"መብትዎ ነው ጋሽ አስረስ። ግን የምታስታምምዎት እሷ ናት፤ ነገ ዘመድ 'አታላው ነው' ይላል። ሲጻፍ እዚያ አትኑር። እስኪፈረም ባትሰማም ይሻላል። አራት ምስክር ያዘጋጁ፣ ከሷ ወገን ያልሆኑ።"
ዘመድ ያለችው ዳኜን ነው፣ የእህቴን ልጅ። እሱ ካለበት ከብስራተ ገብርኤል እዚህ ላፍቶ ምን ያህል ቢርቅ ነው? ከፋሲካ ወዲህ አልመጣም...

ጥቅምት 6
በር የምትከፍተው እሷ፣ የምታነሳኝ እሷ... ከሷ ምን ይደበቃል? አገኘሁት! አራት የዕድር ሰዎች በሽተኛ ሊጠይቁ ቢመጡ ማን ይጠረጥራል?

ጥቅምት 8
ነገ ነው። ሰዓቱን አሥር ጊዜ እጠይቃለሁ። ደስታ እንዲህም ያደርጋል?

ጥቅምት 9፣ እሑድ
መጡ። ጉዶች! ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ አጣፍተው! ገላኔን ሱቅ ላክኋት። አብራቸው የመጣችው ውዳሴ ያስገደደኝ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ኑዛዜው ተነበበ፣ ፈረምኩ፣ ፈረሙ። እልል ማለት አማረኝ።
እነሱ ሲወጡ ገላኔ ገባች፣ በርበሬ መስላ።
"ሽማግሌ ናቸው አይደል?"
"የምን ሽማግሌ?"
"በመስኮት ስሜን ሲያነሱ ሰምቻለሁ! በንቲ ነው የላካቸው? እኔ ሳልጠየቅ ሊድሩኝ? እሄዳለሁ ጋሼ!"
በንቲ እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ብረት የሚበይድ፣ እሷን ባየ ቁጥር የሚንተባተብ ጎረምሳ ነው። ሳቄ መጣ። ሻንጣዋን ስታወጣ ግን ደነገጥኩ። ብትሄድስ?... ተፈርሟል እኮ! ነገርኳት።
አላመሰገነችም። ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

ጥቅምት 10
ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ሳታይ ቤት ስትጠርግ ዋለች። ምን አጠፋሁ?

ጥቅምት 11
"ክኒኔን" ብላት እጇን ሰበሰበች።
"ብቻዬን አልሰጥም። እርስዎ ሲሞቱ የምጠቀመው እኔ ነኝ ጋሼ። ሰው ይየኝ።"
ራሷ ዳኜ ጋ ደውላ ሁሉንም ነገረችው። አበደች? አልቆልን የለ!

ጥቅምት 12
ዳኜ እየፎከረ መጣ። እሷ ክኒኖቹን አንድ በአንድ አሳየችው። ይሄ የደም ግፊት፣ ይሄ ከምግብ በኋላ... ጭቅጭቁን ረስቶ ያዳምጥ ጀመር። ክኒኑን በእጁ አጎረሰኝ። ውሃውን አንገቴ ላይ አፈሰሰብኝ፣ ሦስታችንም ሳቅን።
ሲወጣ በር ላይ ቆም አለ።
"ነገስ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚውጠው?" አላት።
ነገም ይመጣል!