ወፍጮው ደህና ነው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አወቀ፣ ያለህበት ድረስ። ምነው ስልክህ አይነሳም? እኛስ እግዜር ይመስገን፣ ሸጋ ነን።

የወፍጮህ ድንጋይ ልሙጥ ሆኖ አልፈጭ ሲል፣ ሰው ሁሉ "ሴት ድንጋይ አትወቅርም" አለኝ። መውቀሪያህን አንስቼ ከዩቲዩብ ተማርኩ። ሰውየው በማላውቀው ቋንቋ ሲያወራ እኔ እጁን ብቻ አየሁ። መጀመሪያ አጥልቄ ወቀርኩትና ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ አለ፤ እንደገና ወቀርኩት። አሁን የመካነ ብርሃን ሰው እኔው ዘንድ ያስፈጫል!

ማክሰኞ አጎታችን አያ ዳኛው ጤፍ ጭኖ መጣ። "ለተዝካር ነው" አለኝ። የማን እንደሆነ ተናግሮ ሳይጨርስ "ወፍጮው ተበላሽቷል" ብዬ ከነአህያው መለስኩት። ወፍጮው ከኋላዬ እየጮኸ ነበር።

መውቀሪያህን ለማንም አልሰጥም። መጥተህ ራስህ ተረከበኝ።

እህትህ የትነበርሽ