የኬላው ታፔላ

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ እታለማሁ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አጥፌ ከቀለም ቆርቆሮዎቼ ጀርባ ሸጎጥኩት፤ መልሼ አውጥቼ ደግሞ አነበብኩት። «አንተን ወደዚህ እንዳትመጣ ቢከለክሉህ፣ እኔን ወደዚያ እንዳልመለስ የከለከለኝ የለም» ብለሻል። ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሥራሽን ለቀሽ ወደ ሞያሌ ልትመጪ ነው። የድሮ ክፍልሽን እንዲይዙልሽም ለማማ መሪማ ንገርልኝ ብለሻል። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጻፍኩልሽን ዛሬ እጽፍልሻለሁ። እባክሽ ጨርሰሽ ሳታነቢው አትቅደጂው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኬላው ታፔላ ነው። ከወዲያኛው ሞያሌ ተሻግረን ማንያታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ማማ መሪማ ግቢ፣ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል በተከራየን በዓመቱ መሆኑ ነው። አንቺ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሽ፤ እኔ ታፔላ ጸሐፊ። የሆቴሉን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የጭነት መኪናውን ግንባር የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የጻፍኩትን ግን አላነበውም። የፈረንጁን ፊደል እንደ ሐረግ እሥለዋለሁ እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም። ይህ ሲገርምሽ ከረመና በየቀኑ አንድ ቃል በከሰል ግድግዳው ላይ ትጽፊልኝ ጀመር። «ሰዓሊ ሆይ፣ የዛሬው ይህ ነው» እያልሽ።

አንድ ቀን የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ጂሎ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ ነገር ሰጠኝ። ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኬላው ጋ የሚቆም ታፔላ ነው አለኝ። ከሥራዬ ሁሉ እንደዚያ የተጠበብኩበት የለም። ቆርቆሮውን ነጭ ቀባሁ፤ ፊደሉን በደማቅ ቀይ ጻፍኩ፤ ከግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ እንደ ልማዴ ስሜን በጥቁር በገዛ ፊደላችን አኖርኩ። ፀሐይ ላይ አስደግፌው ራሴን እያደነቅሁ ሳለሁ ከገበያ መጣሽ።

«ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አልሽኝ።

አያምርም ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ።

«የይለፍ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ከዚህ ኬላ እንዳያልፍ ተከልክሏል ነው የሚለው። እኔንና አንተን ነው ሀብቴ።»

ትቆጪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ከሰሉን አነሳሽ። የዚያን ቀን ቃል «ፎርቢድ» ሆነ። በአማርኛ ክልክል ነው ብለን እንተወዋለን፤ ማን እንደከለከለ የሚጠይቅ የለም፤ ከሰማይ የወረደ ይመስላል አልሽኝ። ይህ ቃል ግን ሰው ይፈልጋል፤ አባት ልጁን፣ ሐኪም በሽተኛውን፣ ዳኛ ተከሳሹን ይከለክላል። ሰውየው ባይጻፍ እንኳ ከጀርባ ቆሟልና ባነበብከው ቁጥር «ማን ከለከለ?» ብለህ ጠይቅ አልሽኝ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ሥራ ስትዪኝ፣ ማማ መሪማ ፍየላቸውን ዱቄት ይከለክላሉ ብዬ ጻፍኩልሽ። እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ።

«ፍየልማ ትባረራለች እንጂ አትከለከልም» አልሽ። «የሚከለከለው ሰምቶ የሚቀመጥ ነው።»

እውነትሽን ነበር። ያቺ ፍየል በየቀኑ ድንበሩን ተሻግራ ኢትዮጵያ ውላ ትመለስ ነበር፤ ወረቀት የጠየቃት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ናይሮቢ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት እቀጥርሻለሁ ባለሽ ጊዜ ለሁለታችንም የይለፍ ማመልከቻ ፎርም አመጣሽ። የእኔንም በእጅሽ ሞላሽው፤ ስምና ፊርማ የሚለውን ቦታ ብቻ ተውሽልኝ። ሁለቱንም ለጂሎ ስጥ ብለሽ ላክሽኝ። የአንቺን ሰጠሁ። የእኔን ግን ሳልፈርምበት ይዤው ተመለስኩና ከቀለም ሣጥኔ ሥር ደበቅሁት።

ፈርቼ ነው እታለማሁ። ሌላ ስም የለውም። እዚህ ሰዓሊው ሀብተሥላሴ ነኝ፤ በየበሩ የእጄ ጽሑፍ አለ። እዚያ ተጋብተን፣ ሚስቱ እያነበበችለት ከኋላ ከኋላ የሚከተል ሰውዬ ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እኔ ካልሄድኩ አንቺም ትቀሪያለሽ ብዬ አስቤ ነበር። ወረቀትሽ መጥቶ የአንተስ ስትዪኝ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ከለከሉኝ» አልኩሽ።

ማን ከለከለህ ብለሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እናዘዝ ነበር። ያን ቀን ግን አስተማሪነትሽን ረሳሽው። አልቅሰሽ፣ «እንግዲያው እኔም አልሄድም» አልሽ።

ዘጠኝ ወር ቀረሽ። የይለፍ ወረቀትሽ ቀኑ አለፈ፤ ቦታሽ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በየጠዋቱ ውኃ ቀድተሽ ስትመለሺ ቆም ብለሽ የደቡቡን መንገድ ስታዪ በመስኮቴ አይሻለሁ። ግድግዳው ላይ መጻፍም ተውሽ። እኔም እውነቱን ለመናገር በየቀኑ አፌን እከፍታለሁ፤ ግን በቆየ ቁጥር ውሸቱ እየከበደብኝ ሄደ። ሁለተኛ ዕድል ከአዲስ ይለፍ ጋር ሲመጣልሽ ማማ መሪማ ገፍተው ገፍተው አስነሱሽ። እስከ ኬላው ሸኘሁሽ። ታፔላው ሥር ስንደርስ ደረቴ ላይ እጅሽን አድርገሽ ገፋሽኝ።

«እዚህ ጋ ቁም ሀብቴ፣ ያስሩሃል።»

ቆምኩ። የተሳፈርሽበት የከብት መኪና አቧራው ውስጥ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ በየደብዳቤሽ ተፈቀደልህ ወይ ትዪኛለሽ፣ አሁንም ክልክል ነው እልሻለሁ። ትዳር የጠየቀሽን ሰው እኔን እየጠበቅሽ እንደመለስሽው የጻፍሽልኝ ዕለት እንኳ ክልክል ነው ብዬ መለስኩልሽ። ወደ ሰሜን ብሄድ ወታደር አለ፤ ወደ ደቡብ ውሸቴ አለ። በዚህች በሁለቱ መካከል ባለች መንገድ ስመላለስ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እሑድ እሑድ እስከ ታፔላው እሄድና ከሥሩ እመለሳለሁ፤ የኬላው ዘበኛ፣ አስካሪው፣ ሳያየኝ እንኳ አላልፈውም። አንዳንዴ እውነት ከልክለውኛል ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጂሎ መጥቶ ታፔላው ምንም አይታይበትም፣ አድሰው አለኝ። ብሩሼንና መሰላሌን ይዤ ሄድኩ። ለካ እሑድ እሑድ ሥሩ እቆማለሁ እንጂ ቀና ብዬ አላየውም ነበር። ቀዩ ቀለም በፀሐይና በአቧራ ሙሉ በሙሉ ለቅቋል። ባዶ ነጭ ቆርቆሮ ነው። መኪኖቹ ግን አሁንም ይቆማሉ፤ ሰዎቹም እየወረዱ ወረቀታቸውን ያሳያሉ። የተረፈው ከግርጌ ያለው ጥቁሩ ብቻ ነው። ብርሃኔ የሚባል ከአገር ቤት የመጣ ሾፌር ተራውን እየጠበቀ ያነበዋል።

«ሀብተሥላሴ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ማነው እሱ? የኬላው ሹም ነው?»

መሰላሌ ላይ ተቀመጥኩ። ማን ከለከለ ብለህ ጠይቅ ያልሽኝ ትዝ አለኝ።

ሥራውን ትቼ በቀጥታ ጂሎ ቢሮ ገባሁ። የ1971ን ፋይል እይልኝ አልኩት። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ሲለው መስማት ፈለግሁ። ገጽ በገጽ አገላበጠ።

«ሃኩና፣ የለም ወንድሜ» አለኝ። «ስምህ እዚህ ገብቶ አያውቅም። ማን ከለከለህ? አልጠየቅክማ።»

አዲስ ፎርም ሰጠኝ። መልሱ ሦስት ወርም ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል፤ አሁን ነገሩ ጠብቋል፣ ዝም ብለው ሊከለክሉህም ይችላሉ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ቢከለክሉኝ እጽፍልሻለሁ፤ ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ዘጠኝ ወርሽንና ስድስት ዓመትሽን የሚመልስ ይቅርታ አላውቅም። ሥራሽን ገና ካልለቀቅሽ አትልቀቂ። ከለቀቅሽም፣ ከተቆጣሽም፣ ያን ሰው መልሰሽ ብትጠሪውም፣ ከእኔ በኩል የሚከለክልሽ የለም። ክፍልሽን ለማማ መሪማ አልነገርኳቸውም። ፈቃደኛ ከሆንሽ የምመጣው እኔ ነኝ።

ታፔላውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ቃሉን እያነበብኩ ነው የጻፍኩት፤ አንቺ እንዳስተማርሽኝ። ከግርጌው ግን ምንም የለም። ስሜን ፎርሙ ላይ ጻፍኩት።

ሀብተሥላሴ