ሰንጢው እኔ ጋ ነው

ውድ ታደሰ፣ የኔ ዓለም፤

የኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ከተለያየን ዓመት ይሞላል። የሙት ዓመትህ ጠላ ተጠንስሷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። ዕድሜ ልኬን ሰው ፊት "እርስዎ" እያልኩህ፣ በራችን ሲዘጋ ደግሞ "አንተ" እያልኩህ ኖርን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በሩን ዘግቼ ነውና አንቱታውን ለዛሬ እርሳው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከሚካኤል በታች ያለው ቤታችን ደኅና ነው። በጓዳው በኩል ያፈስ የነበረውን ጣሪያ ክረምቱ ሳይገባ አስጠገንኩት። ዓሣ ታጥብበት ከነበረው ገንዳ ሥር ጎመን ተክያለሁ፤ አፈሩ ከአንተ ምን ሲጠጣ እንደከረመ እንጃ፣ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አክሏል። ጂፗም በረንዳው ሥር ቆማለች። ለመጻፍ የተነሣሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ልጃችን ኃይሉ ዓርባህ እንደወጣ ነገሩን አነሣው። ጂፗ ትሸጥ፣ ጠመንጃው ለአጎቱ ይሰጥ፣ ቤቱ ይከራይ፣ እኔም ካዛንቺስ እሱ ዘንድ ልግባ። ክፋት እንዳይመስልህ። ታውቀዋለህ፣ ሰው ሲወድ እንደ ዳኛ ነው የሚፈርድበት። እማዬ፣ ከእንግዲህ ማን ይነዳል? ቆቁን ማን ያርዳል? ብቻሽን ተራራ ለተራራ ስትዞሪ ሰውስ ምን ይላል? አለኝ። ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ታገሠኝ አልኩት። ታገሠኝ፤ ግን ገዢውን አዘጋጅቶ ነው የታገሠኝ።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ! አዎ፣ እኔ! ኮተቤ መንገድ ላይ ስታለማምደኝ ፍሪሲዮን እርገጪ ስትለኝ ፍሬን ረግጬ ግንባርህን ከመስተዋቱ ያጋጨሁህ ሴትዮ። ሳምንቱን ሙሉ ባርኔጣህን እስከ ቅንድብህ አውርደህ ስትሄድ ሰው ኩራት መስሎት ነበር። የሚፈትነኝ ሰውዬ መጀመሪያ የሚፈተነው ልጅዎ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የእንጦጦን ዳገት አውጥቼ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ ሳወርደው ግን ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

እነዚያ አራት ዓመታት ትዝ ይሉሃል? ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጠህ የሰው ክስ ስትገለብጥ ኖረህ፣ ጡረታ በወጣህ በሳምንቱ መንጠቆ ገዝተህ ከች አልክ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዳዊት ይደግማል ብልህ፣ ዳዊቱን ዝዋይ ዳር እደግማለሁ አልከኝ። እውነትም ደገምክ። የመጀመሪያ ቀን መንጠቆህ የያዘው የራስህን ባርኔጣ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓሣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ክደህ ነው የሞትከው። ደግሞ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ከዝዋይ እስከ ሞጆ የተሟገትነው! መኪና አቁመን ጥላ ሥር ሁሉ ተሟገትን። የካ ስንደርስ ዓሣው ከሙቀቱ የተነሣ ሸትቶ ሙግቱን ዘጋልን።

ከዚያ ደግሞ ማድ ቤት ገባህብኝ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ ታደሰ ሽርጥ ታጠቀ ብሎ ሲስቅ፣ አንተ እንባህን እየጠረግህ ሽንኩርትህን ትከትፍ ነበር። ቆቅም እንደ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል ብለህ ያቺን ጭብጥ የማታህል ወፍ እንደ ሕግ መጽሐፍ በአንቀጽ በአንቀጽ ከፋፈልካት። እንግዶቹ የደረሳቸውን ቁራጭ በወጡ ውስጥ ፈልገው ሊያገኙት አልቻሉም። ወጡ ግን፣ ልመስክርልህ፣ ከእኔ ይበልጥ ነበር። በሕይወትህ ሳለህ አልነገርኩህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ውሸት ዋሽቼሃለሁ።

ጡረታ በወጣህ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሚካኤል በላይ ወዳለው ጫካ ወጣን። ሁልጊዜ አብሮን የሚወጣው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ያን ቀን አልመጣም። አንተ ትተኩሳለህ፣ እሱ ይሮጣል፣ ወፏ ሳትሞት ደርሶ ያርዳታል፤ ልማዳችን ይኸው ነበር። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፣ ለውሻ ካልሆነ አትሆንም። ሴት ደግሞ አታርድም። እናቴ ወንድ እስኪያልፍ ድረስ ዶሮ ታቅፋ በር ላይ ስትቆም ነው ያደግሁት።

ተኮስክ፣ ቆቋ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወደቀች። ሁለት እርምጃ ሄድክና ደረትህን ይዘህ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ። ሂጂ፣ አምጪልኝ፣ እኔ አርዳታለሁ ብለህ ሰንጢውን ግን ከነሰበቡ እጄ ላይ አኖርከው፤ ቁጥቋጦ ትቆርጪበታለሽ አልከኝ። ወረድኩ። ቆቋ ትንፋሿ አለ፣ ግን አንተ ዘንድ እንደማትደርስ ዐወቅሁ። በነጋታው የነፍስ አባታችን ምሳ ሊበሉ እንደሚመጡ ዐወቅሁ። ወደ ምሥራቅ አዞርኳት፣ በስመ አብ አልኩ፣ አረድኳት። ሰንጢውን በሣር ጠረግሁት።

ይዤልህ ስወጣ ኦቦ ገመቹ እንጨት ሊያይ በታች ሲያልፍ አግኝቼው አረደልኝ አልኩህ። አንገቷን አየህ፣ እኔን አየህ፣ እግዜር ይስጠው አልክና ተነሣህ። በነጋታው ምሳ ላይ ሰው ሁሉ ገና እጁን ሳይዘረጋ አንተ ቀድመህ ጎረስክ። ከዚያም ሰው ፊት አድርገኸው የማታውቀውን፣ እኔን አጎረስከኝ። እኔ በሐሳቤ ምስኪን፣ ምን እንደሚበላ አያውቅም እያልኩ ልቤ ይደማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አደን በወጣን ቁጥር ሰንጢውን ለእኔ ትሰጠኝ ጀመር። የኮቴ ኪስ ተቀዷል፣ አንቺ ጋ ይሁን አልከኝ። ኪስህን ሰፋሁልህ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንደገና ተቀደደ ብለህ ሰጠኸኝ። ኦቦ ገመቹ ራሱ አጠገባችን እያለ!

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ውሸቱ ከበደኝ። ለነፍስ አባታችን ተናዘዝኩ፤ ለውሸቱ ስግደት ሰጡኝ፣ ስለ ሰንጢው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ኦቦ ገመቹን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ፣ በስሙ ዋሽቻለሁና። ሳልጨርስለት ሳቀ። ያን ቅዳሜ እሱ ሱሉልታ ልጁ ዘንድ ነበር። አንተ ደግሞ እሑድ ማለዳ፣ እኛ ምሳ ሳንቀርብ፣ ልታመሰግነውና ልትጋብዘው ቤቱ ሄደህ ከቅዳሜ ጀምሮ ሱሉልታ እንደሆነ ሚስቱ ነግራሃለች። እቴ፣ ጋሽ ታደሰ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ብቻውን ሳቀ፣ ከዚያ ሚስቴን ለማንም እንዳትነግሩብኝ ብሎ ለመናት አለኝ።

አውቀህ ነው የበላኸው፣ ታደሰ። አውቀህ ነው ቀድመህ የጎረስከው፣ አውቀህ ነው ያጎረስከኝ። ከኦቦ ገመቹ ቤት እስከ ቤታችን እያለቀስኩ ወረድኩ። ሐዘን አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ፣ ተናድጄብህም ነበር። አንዴ እንኳ በቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ባለፈው ቅዳሜ ከኦቦ ገመቹ ጋር ጫካ ወጣን። የነዳሁት እኔ ነኝ። እሱ በጠመንጃህ ተኮሰ፣ ቆቋ ወደቀች፣ እሱም እንደ ወትሮው አልሮጠም። ቆሞ ጠበቀኝ። ሮጥኩ ልበልህ፣ በእኔ ጉልበት ሩጫ ከተባለ። ደረስኩ፣ አረድኩም። ቤት ገብቼ በሽርጥህ ሠራኋት፣ እንደ አንተ ሕግ አሥራ ሁለት ብልት።

እሑድ ኃይሉ ከቅዳሴ መልስ መጣ። የጂፗን የሽያጭ ውል ጽፎ እንድፈርምበት ይዞ ነው የመጣው። ጽሑፉ እንዳንተ ያምራል። ወጡን አቀረብኩለት። ኦቦ ገመቹ ነው ያረደው? አለኝ። አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኩት። እጁ እንጀራው ላይ ቀረ። ያኔ ከሸለቆው ጀምሬ እስከ ኦቦ ገመቹ ደጃፍ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። መብላት አለመብላቱን ብቻውን እንዲወስን ብዬ ዓይኔን ወደ ጎመኑ መለስኩ።

አባዬ ዐውቆ ነው ቀድሞ የበላው? አለኝ። ዐውቆ ነው አልኩት።

ጎረሰ። ቀጥሎም ጎረሰ። ውሉ ትሪው ሥር ሆኖ ወጥ ነክቶት ነበር፤ አንሥቶ አየው፣ ለአራት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። በመጨረሻ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ እማዬ፣ ለሙት ዓመቱ ዘመዶችን ከሰንዳፋ የሚያመጣ መኪና ያስፈልገናልና አንቺ ትነጃለሽ?

እነዳለሁ። እነሱን ካደረስኩ በኋላም ዝዋይ እወርዳለሁ፣ ዳዊቱንም እዚያው ውኃው ዳር ሆኜ ስለ አንተ እደግማለሁ። አልረሳህም፣ ታደሰ። ልርሳህ ብልስ በየትኛው መንገድ ሄጄ?

አደን ስወጣ የምለብሰው የአንተን ኮት ነው። ትናንት የቀኝ ኪሱን ገልብጬ አየሁት። የሰፋሁት ስፌት አንድ ክር አልላላም። ሰንጢውን እዚያ አኑሬዋለሁ።

ባለቤትህ